ሒሳቡ ገጥሟል

እስኪ ጠጋ በሉ። የዛሬው ትረካ የገንዘብ ቤት ሰዎች ነገር ነው። አገሩ የፈረንጅ ስለሆነ ዘመኑንም በእነሱው አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ።

ከተማው ኒውዮርክ፣ ዓመቱ 1929። ኦክቶበር 24 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዎል ስትሪት ላይ የአክሲዮን ዋጋ ቁልቁል ተምዘገዘገ። በዚያች አንዲት ቀን ወደ 12.9 ሚሊዮን የሚጠጋ አክሲዮን ተሸጠ። ማክሰኞ 29 ደግሞ የባሰው መጣ፤ 16.4 ሚሊዮን። ዋጋ ነጋሪዋ ማሽን ከገበያው ሰዓታት ወደ ኋላ ስለቀረች፣ ሰዉ ምን ያህል እንደከሰረ እንኳ ሳያውቅ መሸበት።

ወሬው ግን አልዘገየም። ባንከሩና ደላላው በየተራ ራሱን እያጠፋ ነው ተባለ። ወሬው ቀልድ ወለደ፣ ቀልዱ ባሕር ተሻገረ፤ እነሆ መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው ዛሬም ይነገራል።

ያን ጊዜ የከተማው ዋና የአስከሬን መርማሪ ዶክተር ቻርልስ ኖሪስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ሬሳ የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸውና ወሬው ሲበዛባቸው ቁጥሩን አወጡት። ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር 13 ድረስ ማንሃተን ውስጥ ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎች 44፤ ባለፈው ዓመት በዚያው ጊዜ፣ ገበያው ደርቶ ሁሉም በሚስቅበት ወቅት፣ 53። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬኔት ጋልብሬዝም በ1955 ስለዚያ ውድቀት ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን አገላብጠው አይተው፣ ማዕበል የተባለው ነገር አልነበረም ብለው ደመደሙ። ቁጥሩ በእርግጥ ያሻቀበው ቆየት ብሎ ነው፤ ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሥራ አጡ ለዳቦ ሲሰለፍ፣ እስከ 1932 ድረስ። የዚያን ጊዜ ሟቾች ግን ወዛደሮችና ገበሬዎችም ነበሩባቸውና ማንም ቀልድ አልሠራላቸውም።

ወሬው ለምን እንዲህ ተወደደ ትሉኝ እንደሆነ፣ እኔ የሚመስለኝን ልንገራችሁ። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ነው። ገንዘቡ ሲጎድል ሰውየው ይጎድላል፤ አለቀ። የሞተውን ሰው ሌላ ምን ነበረብህ ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም።

ወሬው ተጋነነ ማለት ግን ማንም አልሞተም ማለት አይደለም። አንዱን ልንገራችሁ።

ጄምስ ሪዮርዳን ይባላሉ። ካውንቲ ትረስት የተባለው የኒውዮርክ ባንክ ፕሬዚዳንት ናቸው። ወዳጃቸው የቀድሞው የኒውዮርክ አገረ ገዢ አል ስሚዝ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የተሸነፉት። ሪዮርዳን ሰው የሚወዳቸው፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ኖቬምበር 8፣ ዓርብ ዕለት፣ በቤታቸው ሳሉ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። እንዴት የሚለውን አልነግራችሁም፤ ለማንም አይበጅም።

አሁን የሆነውን ስሙ። ፕሬዚዳንቱ ሞቱ ቢባል አስቀማጩ ሁሉ ገንዘቤን ብሎ በሩ ላይ ይሰለፋል፣ ባንኩም ይወድቃል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ መርዶው ተያዘ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ባንኩ እስኪዘጋ ድረስ፣ እነዚያው ዶክተር ኖሪስ ነገሩን ይፋ ሳያደርጉ ቆዩ። ቅዳሜ ጠዋት አስቀማጩ ገብቶ ወጣ፣ ገንዘብ ቆጣሪው ቆጠረ፤ የባንኩ አለቃ ግን ከትናንት ጀምሮ በሕይወት አልነበሩም። ከዚያ ኦዲተሮች ገቡ፣ መዝገቡ ተመረመረ፣ ባንኩም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ለሕዝቡም ይኸው ተነገረው፤ ገንዘባችሁ አለ።

እንደ እውነቱ ከሆነ በዚያ አልፈርድም። ባንኩ ቢወድቅ ኖሮ ስንት ምስኪን ቤተሰብ ይበተን ነበር። ብቻ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ባንኩ፣ ከዚያ መርዶው። ቤተ ክርስቲያኗም የራሷ ጥያቄ ነበራት። ሪዮርዳን ካቶሊክ ናቸው፣ ራሱን ያጠፋ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን በተባረከ መሬት አይቀበርም። ሐኪም አእምሯቸው ለጊዜው ታውኮ ነበር ብሎ ስለመሰከረላቸው በሥርዓቱ ተቀበሩ። የሰውየውን ሕመም በስሙ የጠራው ያ ምስክርነት ነው፤ እሱም የተሰጠው ለመቃብር ፈቃድ ነው።

ባንክ ቤት የሠራ ሰው ይህን ነገር ከሌላው ቀድሞ ይረዳዋል። እኛም አገር መስኮት ላይ የተቀመጠች ገንዘብ ከፋይ፣ ቀኑ ሲዘጋ ካሹ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ዓይኗ ይፈዛል፤ ጎደለ ከተባለ ከኪሷ ነው የሚተካው። ገጠመ ሲባል ሁሉም ትንፋሹን ለቆ ቦርሳውን ያነሣል። ሙያው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሒሳቡ ከገጠመ ሁሉ ነገር ደህና ነው።

ዘመኑን ልዝለለው። 2013፣ ስዊዘርላንድ። ዙሪክ ኢንሹራንስ ከ1872 ጀምሮ የኖረ ትልቅ የመድን ኩባንያ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው ፒዬር ዎቲዬ በ53 ዓመታቸው፣ ኦገስት 26 ቀን፣ በገዛ ቤታቸው ሞተው ተገኙ። በተዉት ጽሑፍ የቦርዱ ሊቀ መንበር ስም ተነሥቶ ነበር፤ ሊቀ መንበሩም ከዚያ በፊት ዶይቸ ባንክን ይመሩ የነበሩት ዮሴፍ አከርማን ናቸው። አከርማን በሦስተኛው ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ቤተሰቡ የኃላፊነት ድርሻ እንድወስድ ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ፣ ክሱ ግን መሠረት የለውም የሚል ነበር ቃላቸው።

ምርመራ ተጀመረ። ውጤቱም መጣ፤ በሟቹ ላይ ያልተገባ ጫና ስለመድረሱ ምልክት አልተገኘም፣ የኩባንያው ሒሳብም በትክክል የቀረበ ነው። እንግዲህ ሰማችሁ? የሰው ሞት ተመርምሮ ከሁለቱ መልሶች አንዱ ስለ መዝገብ ነው። ምርመራው ዋሸ አልልም፤ የመድን ኩባንያ የፋይናንስ ኃላፊ ሲሞት ባለ አክሲዮን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የራሱን ሕይወት ያጠፋን ሰው ግን በአንድ ምክንያት አስረድቶ ፋይሉን መዝጋት አይቻልም። ሥራው አለ፣ የእንቅልፍ ማጣቱ አለ፣ የቆየ የድባቴ ሕመም አለ፣ ኀፍረት አለ፣ ሰው ሳያየው የኖረ ነገር አለ። አለቃው ገደለው ማለትም፣ ሥራው ምንም አላደረገውም ማለትም ያው የ1929ኙ ቀላል ሒሳብ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሰው ተጨንቆ ስታዩት፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይዘራበትም። የሙያው ሰዎች ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። ጠይቁ፣ ጠይቃችሁም ብቻውን አትተዉት፣ ሐኪም ዘንድ አብራችሁ ሂዱ። ባለጉዳዩ እናንተው ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ወደ ዙሪክ ልመለስ። ዎቲዬ ሲሞቱ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርቲን ሴን ነበሩ። በ2015 ኪሳራው በዛ፣ አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ኩባንያ ለመግዛት የተጀመረው ድርድርም ተሰረዘ፤ ሴን በዓመቱ መጨረሻ ተሰናበቱ። በ2016 ሜይ ወር፣ በ59 ዓመታቸው፣ ክሎስተርስ በሚባለው የተራራ መንደር እሳቸውም ሕይወታቸውን አጠፉ። ከሥራ ወጥተዋልና በዚህ ጊዜ የሚመረመር ሒሳብ እንኳ አልነበረም።

ታችኞቹ ሠራተኞችስ? የኒውዮርኩ ባንክ ጎልድማን ሳክስ በ2013 መገባደጃ ለጀማሪ ሠራተኞቹ አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከዓርብ ምሽት 3 ሰዓት እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ቢሮ መምጣት የለም። በ2015 ደግሞ ለተለማማጅ ተማሪዎች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት ቢሮ እንዳትገኙ አለ። እረፍት ነው እንግዲህ፤ ለሥራው የቀረውን 17 ሰዓት እናንተው ቁጠሩት።

በ2021 መጀመሪያ ላይ እዚያው ባንክ 13 የአንደኛ ዓመት ተንታኞች አንድ ብልሃት ፈጠሩ። አቤቱታ አልጻፉም፣ አላለቀሱም። ሌሊቱን ሙሉ ለደንበኛ የሚያዘጋጁትን ዓይነት ማቅረቢያ፣ ባለ ሠንጠረዥና ባለ ግራፍ አድርገው፣ ስለ ራሳቸው ሠሩት። በሳምንት የሚሠሩት በአማካይ 95 ሰዓት፣ በሌሊት የሚተኙት 5 ሰዓት። የአእምሮ ጤናችን ከ10 ስንት ነው ብለው ራሳቸውን ጠይቀው፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት 8.8፣ አሁን 2.8 ብለው ሞሉ። የሥራ ሰዓታችን በሳምንት ከ80 አይብለጥ ብለውም ጠየቁ። እነዚህ ልጆች ባንካቸው የቱን ቋንቋ እንደሚያነብ ገብቷቸዋል። ማቅረቢያው በማርች ወጥቶ ዓለም አየው፤ የባንኩ አለቃ ዴቪድ ሰለሞንም የቅዳሜውን ሕግ እናጠብቃለን አሉ።

በኦገስት ዋናው መልስ መጣ። የአንደኛ ዓመት ተንታኝ መነሻ ደመወዝ ከ85,000 ዶላር ወደ 110,000 ዶላር ከፍ አለ። የ80 ሰዓቱን ጣሪያ በ2024 ያወጣው ሌላ ባንክ ነው፣ ጄፒ ሞርጋን። እሱም ቢሆን ድርድር ላይ ያለ ግዢና ሽያጭ በእጁ የያዘውን ሠራተኛ አይመለከትም።