ለጓሮ ረጅም አጥር ተስማሚውን ቁሳቁስ መምረጥ

የከተማ ነዋሪ ጓሮውን ከሌባ፣ ከእንስሳትና ከአላፊ አግዳሚ ዓይን ለመከለል ረጅም አጥር ያጥራል። አጥሩ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ግን አደጋውም አብሮ ይጨምራል፤ በክረምት ዘምሞ የሚወድቅ ግንብ በጎረቤት ግቢ የሚጫወት ሕፃን ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ የቁሳቁስ ምርጫ የሚጀምረው ከዋጋ ሳይሆን ከአፈሩ ነው።

አፈሩ
በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በብዙ ቦታ ይገኛል። ዋልካ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግንብም አብሮት ከፍና ዝቅ እያለ ይሰነጠቃል። በመሆኑም የከባድ ግንብ መሠረት ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ማረፍ አለበት። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ ባለሙያ ማማከር ወይም ቀላል አጥር መምረጥ ይሻላል።

ድንጋይ
ድንጋይ ምስጥ አይበላውም፣ እርጥበትም አያበሰብሰውም። በጎንደር ፋሲል ግቢን የሚከበው 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የድንጋይ ቅጥር ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ የድንጋይ ግንብ ሰፊ መሠረት ይፈልጋል፤ ከጠባብ ጓሮም መሬት ይወስዳል። ርዝመቱ 20 ሜትር፣ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንብ 10 ካሬ ሜትር ይይዛል።

ብሎኬት
ብሎኬት ከድንጋይ ይቀጥናል፤ ሥራውም ይፈጥናል። ለረጅም አጥር ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩ ከቀጫጭኖቹ ይመረጣል። ብቻውን ግን ነፋስ አይችልም፤ በየ3 ሜትሩ ገደማ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ምሰሶ፣ ከሥርና ከላይም አግዳሚ ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ጠርዙ በእጅ ሲፈተግ የሚረግፍ ብሎኬት ሲሚንቶ ያነሰው ወይም በቂ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ስለሚሆን መግዛት አይገባም። ግንቡ ከተሠራ በኋላም ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ መጠጣት አለበት።

ቆርቆሮ
ቆርቆሮ ቀላል በመሆኑ ለዋልካ መሬት ይስማማል። የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ እንደሚጨምር ገዢው ማወቅ አለበት፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። የባሕር ዛፍ ቋሚ ርካሽ ቢሆንም ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ቅርፊቱ ተልጦ በደንብ የደረቀ እንጨት መጠቀም ወይም በኮንክሪት የተተከለ የብረት ቋሚ መምረጥ ይበጃል።

ውኃና ጥላ
ድፍን ግንብ ጎርፍን ስለሚያቁር ከሥሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ፣ ከአናቱም ዝናብ የሚያወርድ ተዳፋት ክዳን ሊኖረው ይገባል። መውጫው ውኃውን ወደ ቦይ እንጂ ወደ ጎረቤት መላክ የለበትም።

አትክልት የሚያለማ ቤተሰብ ጥላውንም ማስላት አለበት። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በባሕር ዳር ከጓሮው በስተደቡብ የቆመ 2 ሜትር ተኩል ግንብ በእኩለ ቀን 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ያጠላል። መደቡን ከዚያ አርቆ ማዘጋጀት ይገባል።

ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ወሰኑን ከጎረቤት ጋር ማረጋገጥ፣ የሚፈቀደውን ቁመትም ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካል መጠየቅ ያስፈልጋል። ገንዘብ ካጠረ የሚቀነሰው ከቁመቱ እንጂ ከመሠረቱና ከምሰሶው አይደለም፤ ዝቅ ያለ ግንብ ሠርቶ ከላይ ሽቦ መወጠር ይቻላል።