የኤስትሮጅን እጥረትና የአካላት ጤና፤ የምርምሩ ታሪክና የጉለሌ ድርሻ

በጉለሌ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፓስተር ተቋም ይባል ከነበረው የምርምር ድርጅት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱ ስሙን በየጊዜው እየለወጠ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ከዚያም የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ግቢ የሚያስታውሰው በእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። ይሁንና በዚያ የሚረቡት የላቦራቶሪ አይጦች ለመድኃኒት ዕፅዋት ምርምርም ሲያገለግሉ ኖረዋል። የተቋሙ ተመራማሪዎች ከተሳተፉባቸው ጥናቶች አንዱ የሴቶችን ጤና በቀጥታ የሚመለከት ስለሆነ፣ መነሻውንና ትርጉሙን ከዓለም አቀፉ የምርምር ታሪክ ጋር አያይዞ መመልከት ተገቢ ነው።

ኤስትሮጅን በሴቶች ዘንድ በዋነኛነት ኦቫሪ ከሚባለው የእንቁላል ዕጢ የሚመነጭና በደም አማካይነት ወደ ልዩ ልዩ አካላት የሚደርስ ሆርሞን ነው። ሥራው የታወቀው ግን ራሱን በማየት ሳይሆን፣ ሲጎድል የሚደርሰውን በመከታተል ነበር። የቪየናው ሐኪም ኤሚል ክናወር በ1900 በዝርዝር ባሳተመው ጥናቱ፣ ኦቫሪያቸው የወጣባቸው ጥንቸሎች ማኅፀናቸው እንደሚመነምን፣ ዕጢው በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ሲተከል ግን ማኅፀኑ ከመመንመን እንደሚድን አሳየ። ዕጢው ከቦታው ተነሥቶም ሥራውን ከቀጠለ፣ መልእክቱ የሚተላለፈው በደም ነው ማለት ነው።

በ1923 በአሜሪካ፣ በሴንት ልዊስ ከተማ፣ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ ከአሳማ ኦቫሪ ያገኙትን ፈሳሽ ኦቫሪ በሌላቸው አይጦችና አይጠ መጎጦች ላይ ቢወጉ፣ በብልታቸው ሕዋሳት ላይ ይታይ የነበረው ዑደታዊ ለውጥ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የሆርሞኑ ኀይል በአይጥ ይለካ ጀመር፤ ይኸውም በአንዲት አይጥ ላይ ለውጥ የሚያመጣው አነስተኛ መጠን እንደ አንድ መለኪያ ተቆጠረ። መለኪያ ሲገኝ ማጣራቱም ተፋጠነ። በ1929 ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንትም በጀርመን፣ ኤስትሮን የተባለውን ንጥረ ነገር ከነፍሰ ጡሮች ሽንት እየራሳቸው አንጥረው አወጡ።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ የማኅፀን ጉዳይ ብቻ ይመስል ነበር። በ1941 ግን የቦስተኑ ሐኪም ፉለር ኦልብራይት፣ ሴቶች ካረጡ በኋላ የሚደርስባቸውን የአጥንት መሳሳት ከኤስትሮጅን እጥረት ጋር አያያዘ። አጥንት እንደ ቆመ ድንጋይ ሳይሆን፣ ዘወትር እየፈረሰ እንደገና የሚገነባ አካል ነው። ኤስትሮጅን አፍራሾቹን ሕዋሳት ይገታል፤ ሲጎድል ማፍረሱ ከግንባታው ይቀድማል። በ1993 የኤስትሮጅን ተቀባይ የሌላት አይጥ፣ በ1998 ደግሞ አሮማቴዝ የተባለው ኤስትሮጅን ሠሪ ኢንዛይም የሌላት አይጥ ተገኙ። አሮማቴዝ በሌላቸው አይጦች ላይ አጥንት ሳሳ፣ በሰውነት ውስጥ ስብ ተከማቸ፣ በወንዶቹ ጉበት ውስጥም ሳይቀር ስብ ታየ። በ1994 ተቀባዩ የማይሠራለት አንድ ወንድ ሰው አጥንቱ የሳሳ ሆኖ መገኘቱ ሲገለጥ፣ ሆርሞኑ ለወንዶችም አስፈላጊ መሆኑ ተረጋገጠ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የጉለሌው ተቋም ተመራማሪዎች ስለ ጠለንጅ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ጠለንጅ በባህላዊ ሕክምና ፅንስን ለመከላከል የሚፈለግ ቅጠል ነው። ተመራማሪዎቹ ኦቫሪያቸው ለወጣባቸው አይጠ መጎጦች የቅጠሉን ጭማቂ ሰጥተው ማኅፀናቸውንና ፒቲዩታሪ ዕጢያቸውን ቢመዝኑ፣ ሁለቱም ከብደው ተገኙ። ሆርሞኑን የሚያመነጨው ዕጢ ሳይኖር ማኅፀን ከከበደ፣ ቅጠሉ ራሱ የኤስትሮጅንን የመሰለ ሥራ እንዳለው ይጠቁማል። ቪየና የተጀመረው ዘዴ፣ ማለትም አንሥቶ ጉድለቱን ማየትና መልሶ መተካት፣ የአገር ቤትን ቅጠል ለመፈተን በቃ ማለት ነው። ጥናቱ ግን በዚህ አላበቃም። በደም ውስጥ ካሉት ቅባቶች መካከል፣ የልብን ጤና ይጠብቃል የሚባለው ጥሩ ኮሌስትሮል ቀንሶ ተገኘ።

ይህ ትንሽ የምትመስል ውጤት ትልቅ ቁም ነገር አላት። ለዓመታት በብዙ አገሮች ላረጡ ሴቶች ሆርሞን ሲታዘዝ፣ አጥንትን የጠቀመ ልብንም ይጠቅማል የሚል ተስፋ ነበር። ዳሩ ግን በ2002 በአሜሪካ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ይካሄድ የነበረው ጥናት፣ ኤስትሮጅንን ከፕሮጀስቲን ጋር የሚወስዱት ክፍሉ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። የአጥንት ስብራት ቢቀንስም የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመምና ስትሮክ ጨምረው ነበርና። አንዱን ምሰሶ ያጠነከረ ጭነት ሌላውን ሊያጎብጥ እንደሚችል የግንባታ ሰው ያውቀዋል፤ በሰውነትም እንዲሁ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ አይጥ እንደ ሴት ልጅ አታርጥም። ኦቫሪዋ በአንድ ቀን በቀዶ ጥገና ሲወጣ የሚደርስባት ድንገተኛ ጉድለት፣ በሴቷ ላይ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከሚመጣው ጋር አንድ አይደለም። ስለሆነም የአይጥ ጥናት መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄን አጥርቶ ያቀርባል፤ የትኛው አካል መመርመር እንዳለበትም ይጠቁማል።

ጠለንጅን በየጓሮው የሚቀጥፉት ሴቶች የላቦራቶሪውን መጽሔት አያነቡም። «በአይጥ ተፈትኖ ሠራ» የሚለው ወሬ ግን ከጥናቱ ቀድሞ ይደርሳቸዋል፤ ጥሩው ኮሌስትሮል መቀነሱ አብሮ አይወራም። ዕፅዋቶቻችንን የሚመረምሩ ተቋማት ከማኅፀን ባሻገር አጥንትን፣ ጉበትንና የደም ሥርን አብረው ቢመዝኑ፣ ያገኙትንም ጥቅምና ጉዳት በአንድነት በአገር ቋንቋ ቢገልጡ፣ የሴቶቹ ምርጫ በዕውቀት ላይ ይመሠረታል።