«የትኛውን ልጫን?»፦ የሊኑክስ ዴስክቶፖች የበዙበት ታሪካዊ ምክንያት

የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

ደቢያንን በኮምፒውተሩ ላይ የሚጭን ሰው ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ዝርዝር ይቀርብለታል፦ ግኖም፣ ኬዲኢ ፕላዝማ፣ ኤክስኤፍሲኢ፣ ሲናሞን፣ ማቴ እና ሌሎችም። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ አንዱ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ ግን «ለምን አንድ ብቻ አልሆነም?» የሚለውን አስቀድማለሁ። ዊንዶውስን የሚጭን ሰው እንዲህ ያለ ምርጫ አይቀርብለትምና።

የመልሱ አንድ ክፍል የሚገኘው በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረው፣ ኤክስ በተባለው የመስኮት ሥርዓት ነው። ኤክስ መስኮትን በስክሪን ላይ ይስላል፤ የማውስንና የኪቦርድን ምልክት ለፕሮግራሙ ያደርሳል፤ የመስኮቱ ጠርዝና የአዝራሩ መልክ ምን ይምሰል የሚለውን ግን ሆን ብሎ ለሌሎች ትቶታል። ስለዚህ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሊኑክስን በሚጠቀም ሰው ፊት የተከፈቱ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ማቲያስ ኤትሪሽ ኦክቶበር 14 ቀን 1996 የኬዲኢን ሥራ ሲያውጅ ያማረረው ይህንኑ ነበር።

ኤትሪሽ ለሥራው የመረጠው ትሮልቴክ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ የሠራውን ኪውትን ነው፤ መስኮትና አዝራር መሥሪያ ላይብረሪ ማለት ነው። መሣሪያው ጥሩ ነበር፤ ጣጣው ያለው ፈቃዱ ላይ ነው። ነጻ ሶፍትዌር ለሚጽፍ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር፤ የተሻሻለ ቅጂውን ማሰራጨት ግን አይፈቅድም ነበር። ተማሪዎቼ «በነጻ ከተሰጠ ምን ጎደለ?» ይላሉ። አማርኛችን ዋጋ አልባነትንም አርነትንም በአንድ «ነጻ» ስለሚጠራ ክርክሩ ይደበዝዝብናል፤ እንግሊዝኛውም ከዚህ ችግር አላመለጠም። እንዲህ ብናስበው ይቀልላል፦ ቤቱን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው። ባለ መሬቱ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ ግድግዳችሁን ይዛችሁ የት ትገባላችሁ?

በኦገስት 1997 ሜክሲኳውያኑ ሚጌል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና ግኖምን የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። የመረጡት መሠረት ጂቲኬ ሲሆን፣ እርሱም በበርክሌይ ሁለት ተማሪዎች ጂምፕ ለተባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ብለው የሠሩት ነበር። ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሥዕል ለማረም የተሠራ የአዝራር ስብስብ የአንድ ሙሉ ዴስክቶፕ ወለል ሆነ።

ደቢያን በበኩሉ የኬዲኢ ፈቃድና የኪውት ፈቃድ አብረው አይሄዱም በማለት በኦክቶበር 1998 ኬዲኢን ከማከማቻው አስወጣ። ትሮልቴክ ቀስ በቀስ ፈቃዱን አላላ፤ በሴፕቴምበር 2000 ደግሞ ኪውትን በጂፒኤል ሥር አወጣው። ግኖም የተወለደበት ምክንያት በሦስት ዓመት ገደማ ተወገደ ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልተዋሐዱም? እስከዚያ ድረስ ብዙ ፕሮግራም ተጽፎ ነበር፤ አንዱ በሲ++፣ ሌላው በሲ። በሁለቱም ወገን ወዳጅነትም ቂምም ተፈጥሯል። ብዙዎች ይህን መከፋፈል እንደ ብክነት ሲቆጥሩት እሰማለሁ። እኔ አልስማማም፤ ተፎካካሪ ባይነሣበት ኖሮ ትሮልቴክ ያን ያህል የሚቸኩልበት ምክንያት አይታየኝም።

የፊደላችንን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። ግዕዝ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ፣ በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2.0 ጽሑፍን በዩኒኮድ ከመያዙም ሌላ የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያ ዘዴ አብሮት መጣ። በመጻፊያው ሣጥን ላይ የማውሱን ቀኝ አዝራር ተጭኖ ከዝርዝሩ አማርኛን መምረጥ ይበቃ ነበር። ለዚህ የማንም ኩባንያ የገበያ ጥናት አላስፈለገም፤ ምንጭ ኮዱ ክፍት ስለ ነበረ ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ጨመረው።

በምርጫ መብዛት የሚንገላታ ሰውም አይጠፋም። የሊኑክስ ከርነል ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ በኬዲኢ 4.0 ተማሮ ወደ ግኖም ሄደ፤ በ2011 ግኖም 3 ሲወጣ ደግሞ በእርሱም ተማሮ ወደ ኤክስኤፍሲኢ ዞረ። የእኔ ስህተት ከዚህ ያነሰ ክብር ያለው ነው። አንድ ክረምት የቤተ ሙከራችንን ኮምፒውተሮች፣ ማስታወሻቸው 512 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን እያወቅሁ፣ በመልኩ ማርኮኝ አንድ ከባድ ዴስክቶፕ ጫንኩባቸው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የዴስክቶፑ አልነበረም። ተመራቂዎች ፕሮጀክታቸውን በሚያስረክቡበት ሳምንት አንዲት ተማሪ አንድ መስኮት እስኪከፈት እጇን አጣጥፋ ስትጠብቅ አገኘኋት። «ዶክተር፣ የቀድሞው ምን አጠፋ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ቅዳሜ ኤክስኤፍሲኢን ጨመርኩ። የተማሪዎቹ ፋይሎች አልተነኩም፤ ዴስክቶፖች በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉና። ዛሬም በቤተ ሙከራችን ከአንድ በላይ ተጭኖ ይገኛል፤ የይለፍ ቃላችሁን ከማስገባታችሁ በፊት በመግቢያው ገጽ ላይ ትመርጣላችሁ።

አሁን ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።