የእርጉዝ ወይም የአራስ አንድ እግር ብቻ ካበጠ አታሹት!

ዛሬ በእርግዝናና በአራስነት ጊዜ ስለሚያጋጥም የደም መርጋት በአጭሩ እናያለን።

በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ቶሎ ይረጋል። ይህም እናት ስትወልድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት ይረዳል። ችግሩ፣ እግር ውስጥ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። አደጋው ይበልጥ የሚከፋው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው፤ ማለትም አራሷ አልጋ ላይ በምትውልበት ጊዜ።

እርጉዝ ሴት ሁለቱም እግሯ ትንሽ ቢያብጥ የተለመደ ነው። እነዚህ ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፦

• አንድ እግር ብቻ (በእርግዝና በብዛት ግራው) ካበጠ፣ ካመመ ወይም ከሞቀ
• ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ

ወጌሻ ጋር ሳይሆን ቀጥታ ሆስፒታል! ማሸት የረጋውን ደም ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ከዚህ በፊት ደም የረጋባት፣ በቤተሰቧ ችግሩ ያለ ወይም በኦፕራሲዮን የወለደች ይበልጥ ትጠንቀቅ።

ምርመራው በአልትራሳውንድ ነው፤ ፅንሱን አይጎዳም። ሄፓሪን የሚባለው መርፌም ወደ ፅንሱ አያልፍም። ዋርፋሪን ግን ያልፋል፤ የምትወስዱ ካላችሁ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

አራስ ላለበት ቤት ሼር አድርጉት።