«የመደላድል መከታ»፦ የእንፋሎት መተኮሻ ፓድ በምን ያርራል፣ በምንስ ይጠበቃል?

በእንፋሎት የሚሠራ የልብስ መተኮሻ ማሽን፣ በተለምዶ ስቲም ፕሬስ የሚባለው፣ ከሥር ልብሱ የሚዘረጋበት ሰሌዳ፣ ከላይ ደግሞ ወርዶ የሚጫን ራስ አለው። ሁለቱም ውስጣቸው ክፍት የሆነ የብረት ሳጥኖች ናቸው። ከቦይለር የሚመጣው እንፋሎት ይሞላቸውና ያግላቸዋል፤ ሠራተኛው ፔዳሉን ሲረግጥ ደግሞ በብረቱ ቀዳዳዎች ወጥቶ ልብሱን ያርሰዋል፣ ያለሰልሰዋል። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአሜሪካ ሰራኪዩስ ከተማ አዶን ሆፍማን የሚባል ልብስ ሰፊ ካስተዋወቀው ጀምሮ መሠረቱ ብዙም አልተለወጠም። በጋለው የታችኛው ብረትና በልብሱ መካከል ሁለት ሦስት ነገር ተደራርቦ የተሠራ ለስላሳ ንጣፍ ይገባል፤ ፓድ የሚባለው እሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ፓዱና ፓዱን ከብረቱ ግለት የሚጠብቀው ሌላ ክፍል ናቸው። ለፓዱ «መደላድል»፣ ለጠባቂው «የመደላድል መከታ» የሚሉ ስሞችን አቀርባለሁ። ስም ማውጣቱ ለጌጥ አይደለም። ስም የሌለው ክፍል በመለዋወጫ ዝርዝር ላይ አይጻፍም፤ ያልተጻፈ ደግሞ አይገዛም፣ ሲጎድልም አይታወቅም።

መደላድል የሚለውን ዛሬ በብዛት የምንሰማው በምሳሌያዊ ፍቺው ነው፤ ለሰላም መደላድል፣ ለልማት መደላድል እንላለን። ሥሩ ግን መደልደል ነው፤ የሚቀመጥበትን ነገር አመቻችቶ፣ ጎርባጣውን አስተካክሎ ማዘጋጀት። ፓዱም የሚሠራው ይህንኑ ነው። አዝራሩ፣ የኪሱ እጥፋት፣ ወፍራሙ ስፌት ከብረት ጋር ሳይላተሙ ሰምጠው እንዲቀመጡ ያደላድላል። መከታ ደግሞ መመከት ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የሚመክት ሰው ምቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጋሻውን ወደዚያ ወገን ያዞራል እንጂ ራሱን በግድግዳ አያጥርም። «መከለያ» ያላልኩት ለዚህ ነው። መከለያ ሁሉንም ይዘጋል፤ እዚህ የሚፈለገው ግን ከብረቱ በንክኪ የሚመጣውን ግለት ገትቶ እንፋሎቱን እንደልብ የሚያሳልፍ ነገር ነው። «መከላከያ» ደግሞ ከእሳት አደጋ መሣሪያ እስከ መኪና ባምፐር ብዙ ነገር ተሸክሟል። እንግዲህ የመደላድል መከታ ማለት በጋለው ብረትና በመደላድሉ መካከል የሚገባ፣ እንፋሎትና አየር የሚያሳልፍ፣ ከብረቱ ወደ መደላድሉ በቀጥታ የሚተላለፈውን ሙቀት የሚቀንስ ንጣፍ ማለት ነው።

ይህ ክፍል ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት በመጀመሪያ መደላድሉን የሚያሳርረው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። የተለመደው ግምት «ብዙ ስለተሠራበት ነው» የሚል ነው። እኔ ግን ማስረጃው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንደሚያመለክት አምናለሁ፤ በሙቀት ረገድ መደላድሉን ይበልጥ የሚጎዳው ማሽኑ የሚሠራበት ሰዓት ሳይሆን እንደጋለ ሥራ የሚፈታበት ሰዓት ነው። በ5 ባር የጌጅ ግፊት (ማለትም ከአካባቢው የአየር ግፊት በላይ በሚለካ) ያለ የጠገበ እንፋሎት ሙቀቱ ወደ 159 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሳጥኑን የሞላው እንፋሎት ይኸው ስለሆነ የብረቱም ሙቀት ወደዚያው ይጠጋል። እንፋሎቱ ግን ወጥቶ ቀዝቃዛ ልብስ ሲያገኝ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ልብሱና መደላድሉ እርጥበት እስካላቸው ድረስም ሙቀታቸው ከውሃ መፍያ ነጥብ ብዙም አያልፍም። ይህ ነጥብ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ 92 ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቫኪዩሙ፣ ማለትም የማሽኑ አየር መሳቢያ፣ የክፍሉን አየር በልብሱና በመደላድሉ ውስጥ ወደ ታች ሲስብ ደግሞ ሁለቱም ይደርቃሉ፣ ይቀዘቅዛሉም። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ መደላድል እየረጠበና እየቀዘቀዘ ነው የሚውለው። ሥራ ሲቆም ሁሉም ይቀየራል። እንፋሎት አይለቀቅም፣ ቫኪዩም አይሳብም፣ እርጥበቱ ተንኖ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የመደላድሉ የታች ፊት ወደ መፍያ ነጥቡ ሳይሆን ወደ ብረቱ ሙቀት፣ ወደ 159 መጓዝ ይጀምራል። የማሽኑ የላይኛ ራስ ወርዶ ተከድኖ ከተተወ ደግሞ መደላድሉ ከላይም ከታችም በጋለ ብረት መካከል ተይዞ ይቆያል።

አሁን ይህን ቁጥር መደላድሎች ከሚሠሩበት ነገር ጋር እናስተያየው። ጥጥ በ120 ዲግሪ ለሰዓታት ሲቆይ ቢጫ መሆን ይጀምራል፤ በ150 መፈራረሱ ግልጽ ይሆናል። ሱፍ፣ ተጠቅጥቆ ፌልት የሚሆነው፣ ደረቅ ሙቀት ሲያገኘው ቀድሞ ይሻክራል፤ ወደ 130 ሲደርስ መበስበስ ይጀምራል። ፖሊስተር የሚቀልጠው ከ250 በላይ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚያሰጋው አይመስልም፤ ግን ሌላ ጠላት አለው። ውሃና ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት የክሩን ሞለኪውል ሰንሰለት እየበጣጠሱ ቀስ በቀስ ያደክሙታል። ተራው የፖሊዩረቴን ስፖንጅ በእንፋሎት ይለቅና ይፈረፈራል። የሲሊኮን ስፖንጅ 200 ዲግሪ አካባቢ ስለሚችል የተሻለ ነው፤ ኖሜክስ የሚባለው የአራሚድ ጨርቅ ደግሞ አይቀልጥም፣ የሚከስለውም ከ350 ዲግሪ በላይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ውድ ናቸው። እናም በብዙ ማሽን ላይ የሚገኘው ከላይ የጥጥ ወይም የፖሊስተር ሽፋን፣ ከሥር ፌልት ወይም ስፖንጅ ነው፤ ማለትም 159 ዲግሪ ደረቅ ብረት ላይ ለሰዓታት መተኛት የማይችል ነገር። በብዙ ኬሚካላዊ ሂደት ላይ በግምት የሚሠራበት ደንብ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበላሸቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ደንቡ ግምት ቢሆንም ትርጉሙ ትልቅ ነው። የመደላድሉን የታች ፊት በ30 ዲግሪ ማቀዝቀዝ ዕድሜውን በጥቂቱ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ሊያራዝም ይችላል ማለት ነው።

መከታው ይህንን ማቀዝቀዝ የሚያመጣው በቀላል ዘዴ ነው። ጥሩው መከታ ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተጠለፈ፣ እንደ መረብ ክፍትፍት ያለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ነው። ሽቦው ከሰሌዳው ጋር የሚነካካው በተበታተኑ ነጥቦች ብቻ ነው፤ የቀረው አየር ነው። አየር ደግሞ እጅግ ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነው። ሽቦው የማይዝግ ብረት መሆኑም ለዝገት ብቻ አይደለም። ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል፤ «ብረት ከሆነ ያው ነው» ብሎ የመዳብ መረብ ማስገባት ከንቱ ድካም ነው። መረቡ ክፍት ስለሆነ እንፋሎቱ ከቀዳዳዎቹ ወጥቶ በውስጡ ወደ ጎን ይሰራጫል። በዚህ ምክንያት መደላድሉ በየቀዳዳው አናት ላይ ብቻ ከመርጠብ ይልቅ እኩል ይረጥባል፤ ይህ ከሙቀት ጥበቃው ተጨማሪ ጥቅም ነው፣ በልብሱ ላይም በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይነሳል፦ ልብሱን የሚተኩሰው ሙቀት ከሆነ፣ ሙቀቱን መመከት ሥራውን ማዳከም አይደለም? ጥያቄው የሚያሳስት ነገር ስላለው ረጋ ብሎ መመለስ ይገባል። ከታች ወደ ልብሱ የሚደርሰው ሙቀት አብዛኛው በንክኪ አይመጣም፤ እንፋሎቱ ተሸክሞት ይመጣል። አንድ ኪሎ እንፋሎት በ100 ዲግሪ ወደ ውሃ ሲመለስ 2,257 ኪሎጁል ይለቃል፤ ያው አንድ ኪሎ ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው 4.2 ኪሎጁል ብቻ ነው። መከታው ይህን ጭነት አይነካውም፤ እንፋሎቱ እንዲያልፍ ክፍት ነውና። በአንጻሩ በወፍራም ፌልት ውስጥ በንክኪ ወደ ላይ የሚወጣው ሙቀት በተኩሱ ጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያን ያህል አይረባም፤ የሚረባው ለማሳረር ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሰዓታት አሉት። ክርክሩ እውነት የሚሆነው ቫኪዩም በሌለው ማሽን ላይ ነው። እዚያ ልብሱ የሚደርቀው በብረቱ ግለት ስለሆነ መከታው የማድረቂያውን ጊዜ ሊያረዝም ይችላል። ልብሱን በቀጥታ የሚነካ፣ ንጣፍ የሌለው የተወለወለ የላይኛ ራስም መከታ አያስፈልገውም።

ሌላው የመፍትሔ ሐሳብ ግፊቱን መቀነስ ነው፦ «ቦይለሩን ዝቅ ብናደርገው መደላድሉ ያርፋል»። ቁጥሩ ግን አያግዘውም። ከ5 ባር ወደ 3 ባር ብንወርድ ሙቀቱ ከ159 ወደ 144 ገደማ ብቻ ነው የሚወርደው፤ ለሱፍ ፌልት ይህም ከአቅሙ በላይ ነው። ከዚህም ጋር ግፊቱ ማሽኑ ከተሠራለት በታች ሲሆን ሰሌዳው ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ይበዛል፤ ይህን ውሃ የሚያስወጣው ስቲም ትራፕ በደንብ ካልሠራም ፔዳሉ ሲረገጥ እንፋሎት ሳይሆን ጠብታ ይተፋል። መደላድሉ ይጨቀያል፣ ከቦይለር ውሃ የመጣው ጨው ሽፋኑ ላይ ቡናማ ነጥብ ይተዋል። «እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን እንፋሎታችን ቀዝቃዛ ነው» የሚለውም ለዚህ አይጠቅምም። የአየሩ ግፊት ማነስ ክፍት ድስት ላይ 8 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በ5 ባር ጌጅ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ግን በአዲስ አበባና በባሕር ወለል መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚሰማው ተቃውሞ ግን የዋጋ ነው። መደላድል ርካሽ ነው፣ ሲያርር ይቀየራል፣ ምን አስጨነቀ? ሐሳቡ ጤናማ የሚሆነው መደላድሉ ባረረበት ቀን የሚቀየር ቢሆን ነበር። በተግባር ያረረ መደላድል ወዲያው አይታወቅም፤ ጉዳቱ ከሥር ይጀምራልና ሽፋኑ ነጭ እንደሆነ ይቆያል። ፌልቱ ግን ጠንክሯል፣ ተጠፍጥፏል። ከዚያ የወፍራሙ ስፌት ቅርጽ በሱሪው ፊት ላይ ይታተማል፣ የጥቁር ሱፍ ኮት እጅጌ ያብለጨልጫል፣ አዝራር ይሰበራል። እንፋሎቱም በጠነከረው በኩል ማለፍ ስለሚያቅተው ልብሱ እዚህ ደረቅ፣ እዚያ እርጥብ ይወጣል። ሠራተኛው ለማካካስ ፔዳሉን አስረዝሞ ይረግጣል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ይህም የቀረውን መደላድል ይበልጥ ያደክማል፣ የቦይለሩንም ነዳጅ ይበላል። ሂሳቡ ውስጥ የገባው የፌልት ዋጋ ነው፤ ያልገባው የደንበኛው ኮት ነው። በ2008 ዓ.ም. እንደተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ለውጭ ገበያ በሚሰፋባቸው ቦታዎች ተኩስ ከማሸጊያው በፊት ያለ የመጨረሻ ሥራ ነው፤ እዚያ የተበላሸ ልብስ የጨርቁን፣ የቅዱንና የስፌቱን ወጪ ሁሉ ይዞ ነው የሚወድቀው።

ስለ መከታው ያለኝን ግምት ግን ማጋነን አልፈልግም። ሙቀትን የሚቀንስ ንጣፍ የሚጠቅመው ሙቀቱ በሌላ በኩል መውጫ ሲኖረው ነው። ራሱ ተነስቶ ክፍት ከሆነ መደላድሉ ከላይ ወደ አየር ሙቀት ይለቃል፤ ከታች የሚገባውን መከታው ስለሚያሳንሰውም በመካከለኛ ሙቀት ላይ ይረጋል። ራሱ ተከድኖ ከተተወ ግን መውጫ የለም። ያኔ መከታው የሚሰጠው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ንብርብር የብረቱን ሙቀት ያገኛል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ የቫኪዩሙ ሞተር ወዲያው ይቆማል፣ የጋለው ብረትና በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ይቆያሉ። ስለዚህ መከታ ያለ ልማድ፣ ልማድም ያለ መከታ ሙሉ አይሆንም፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ገንዘብ የማይጠይቀውን ልማዱን አስቀድማለሁ።

ማሽን ያላችሁ ሁሉ ይህን እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ለምሳም ሆነ ለሌላ ዕረፍት ስትነሱ ራሱን ክፍት ተዉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት መደላድሉ እስኪደርቅና እስኪቀዘቅዝ ቫኪዩሙን ሳቡ፣ ዕረፍቱ ረዥም ከሆነ ወይም መብራት ከጠፋ ወደ ማሽኑ የሚገባውን የእንፋሎት ቫልቭ ዝጉ። የሚቀጥለውን ፓድ ስታስቀይሩ ደግሞ ሽፋኑን ገልጣችሁ የታችኛውን ፊት እዩት፤ ቡናማ ሆኖ ከጠነከረ ያረረው ከብረቱ በኩል ነው። ያን ጊዜ ለሻጩ ከማይዝግ ሽቦ የተጠለፈ የመደላድል መከታ እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ በጥገና መዝገባችሁም ላይ በዚሁ ስም ጻፉት።