የጎንደር ዛርና የፈረንሳይ ቫምፓየር



በደብረ ታቦር አዳራሽ ስለ ዣን ሮላን ፊልሞች ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ አሰኝቷል። ሰውዬው በ1938 የተወለደ ፈረንሳዊ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። «የቫምፓየሯ መደፈር» የተሰኘው ፊልሙ በግንቦት 1968፣ ፓሪስ በተማሪዎች ዐመፅ ስትናወጥ፣ ለሕዝብ ቀርቦ ተመልካቹን አስቆጣ። ታሪኩ እንደ ሕልም የሚዋዥቅ፣ መያዣና መጨበጫ የሌለው ነበርና። ከዚያ ወዲህም ፍርስራሽ ግንብ፣ መካነ መቃብር፣ ሰው የሌለበት የባሕር ዳርቻ፣ ነጭ ለብሰው ወይም እርቃናቸውን በዝግታ የሚራመዱ ሴቶች ከፊልሞቹ አልጠፉም። ፍርሃትና ፍትወት በአንድ ጥላ ሥር ያድራሉ።

ይህ እኛን ምን አገናኘን? የሮላን እናት ዴኒዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የደራሲው የጆርጅ ባታይ ፍቅረኛ ነበረች፤ ባታይ ማታ ማታ ተረት ይነግረው እንደ ነበር ዳይሬክተሩ ራሱ ተናግሯል። የዚህ የባታይ ወዳጅ ደግሞ ሚሼል ሌሪስ ነው። ሌሪስ በ1932 ከማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ጋር ጎንደር ገብቶ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ ለወራት በባለ ዛሯ በመልካም አየሁ ቤት ተመላልሷል። የጎንደር ዛር በሮላን ፊልም ገባ ማለቴ አይደለም። እንዲህ የምታይ ዓይን ግን ከዚያው ክበብ የወጣች ናት።

ሌሪስ በ1934 ባሳተመው ማስታወሻው የመልካም አየሁን ልጅ እማዋይሽን እንደ ተመኛት አልደበቀም። የከበሮው ምት፣ የዕጣኑ ጢስ፣ የመሥዋዕቱ ደም፣ በጉሪ የሚናወጠው አካል ከምኞቱ ጋር ተቀላቅለው ተጽፈዋል። ሐቀኝነቱን አደንቃለሁ፤ የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን በ1941 ማገዱም ይታወቃል። ነገር ግን እማዋይሽ የልጆች እናትና የራሷ ጉዳይ ያላት ሴት ነበረች። በገጾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ግን የእንግዳውን ሕልም ነው። በ1958 ስለ ዛር ሥርዓት ቲያትራዊ ገጽታ ባሳተመው ጥናት ሌሪስ ወደ ሥርዓቱ አሠራር ተመለሰ፤ እያንዳንዱ ዛር የራሱ ፉከራና ጠባይ እንዳለው፣ የያዘው ሰው «ፈረሱ» እንደሚባል ዘረዘረ። ለእኔ ይህ ሁለተኛው ሌሪስ ይበልጣል፤ ለፊልም ሠሪ የሚጥመው ግን ምናልባት የመጀመሪያው ነው።

አንድ ልዩነት ሳልጠቅስ አላልፍም። የአውሮፓው ቫምፓየር ባለ ግንብ ነው፤ መስፍን ነው፤ ደም የሚመጠጠው ከላይ ወደ ታች ነው። በእኛ ደጋ ግን ደም ይመጣል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ በቡዳነት የተጠረጠረው ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ነው። የሮላን ተመልካች ፈርቶም ተደስቶም ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን በዚህ ወሬ ምክንያት ለጋብቻ ተጸይፋ ትቀራለች።

ጋፋት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ መድፍ ያሠሯቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የንጉሡን ባለሟል የጆን ቤልን ልጅ አግብቷል። ብረት የሚያቀልጠውን እንግዳ ቡዳ ነው ብሎ ከማዕድ ያራቀው አልነበረም።