የጅብ ቀዳዳ በሐረር ግንብ

 

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ፉሪ ለምንኖር ሰዎች የጅብ ጩኸት እንግዳ አይደለም። ለሱብሒ ሶላት ስንወጣ ከወንዙ በኩል ሲጮኽ ሰምተነዋል። ዛሬ ቤቱና አጥሩ እስከ ወንዙ አፋፍ ደርሷል፤ ጅቡም መንገዱን ሲያጣ በደጃችን ያልፋል። በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን «ሥጋ መርዘን ብንጥልለትስ?» ሲሉ ጠየቁን። መልሱን ከታሪክ እንጀምር።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ሐረርን ከወረራ ለመጠበቅ ጀጎልን አጠሩ። 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና አምስት በሮች የነበሩት ግንብ ነው። በሮቹ ማታ ይዘጉ ነበር። ከግንቡ ሥር ግን ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል»፣ ማለትም የጅብ ቀዳዳ የሚሏቸው ማለፊያዎች አሉ። ለጠላት የተዘጋው ግንብ ለጅብ ክፍት ነው ማለት ነው። ጅቡ ሌሊት ገብቶ አጥንቱንና ጥራጊውን ይለቅማል፤ ሳይነጋ ይወጣል። ከተማው ይጸዳል፤ ጅቡም ይጠግባል። በሙሐረም 10፣ በዐሹራ ቀን፣ ቅቤ የገባበት ገንፎ የሚቀርብለትም በዚሁ ጉርብትና ነው። ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከዚያ አስቀድሞም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን ሐረም ሲያደርጉ ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል።

ወደ ከተማችን ስንመጣ፣ የአቃቂ ወንዞች ከሰሜኑ ጋራ ተነስተው በስተደቡብ እስከ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ዳርቻቸው ዛፍና ቁጥቋጦ ካለው ጋራውን ከሜዳው የሚያገናኝ የአውሬ ጎዳና ነው። መሐሉ ከተቆረጠ ግን አውሬው ወደ አስፋልትና ወደ ሰው ደጅ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት ዕቅድ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር። ሲንጋፖር በ1986 እ.ኤ.አ. በአውራ ጎዳና የተከፈለ ደኗን በ2013 እ.ኤ.አ. ዛፍ በተተከለበት 62 ሜትር ድልድይ መልሳ አገናኝታለች። ለእኛ ግን ድልድዩ ተሠርቶ የተሰጠን ነው፤ ወንዛችን ነው።

ስለዚህ ለጎረቤታችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው፦ መርዝ አይሆንም። መርዙ ውሻውንም አሞራውንም ይገድላል። ይልቅ በረታችንን አጥብቀን እንዝጋ፤ አጥንት ደጃፍ ላይ አንጣል፤ ልጆቻችንን በጨለማ ብቻቸውን አንላክ። አጥራችንን ከወንዙ ፈቀቅ እናድርግ፤ በተረፈው ቦታ አገር በቀል ዛፍ እንትከል። ያን የሚያህል ግንብ ያስፈለጋቸው የሐረር ሰዎች ለጅብ ቀዳዳ አልነፈጉም። እኛ ጥቂት ክንድ መሬት እንነፍጋለን?

ወላሁ አዕለም።